ደም በጥድፊያ ሲሰጥ ማን ይጻፍ?

የምሠራው ማዋለጃ ክፍል ነው። ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ ሲመጣ አንዷ ማህፀን ታሻለች፣ ሌላዋ ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ትሰቅላለች፣ አንዱ ወደ ደም ባንክ ይሮጣል። እስክሪብቶ የሚያነሳ የለም። "በኋላ እንጽፈዋለን" ይባላል። በኋላማ የመጀመሪያው ከረጢት ስንት ሰዓት እንደተሰቀለ ሁሉም የየራሱን ይናገራል።

ስለዚህ ፈረቃ ስንረከብ ጸሐፊም መመደብ ጀመርኩ። ድንገተኛ ነገር ከመጣ እሷ ሌላ ሥራ አትነካም። አንድ ሐኪም "ሲስተር፣ እጅ አጥሮን አንዷ ወረቀት ይዛ ትቁም?" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ እጅ ያጥራል። ሐሳቡን ያስቀየረው ጸሐፊዋ ጮክ ብላ "15 ደቂቃ ሞላ፣ ሙቀት ይለካ!" ማለቷ ነው።

ቅጹ አንድ ገጽ ነው፦ የከረጢቱ ቁጥር፣ የደም ዓይነት፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ያመሳከሩት የሁለት ሰዎች ስም፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት። ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ አተነፋፈስ) ደሙ ከመጀመሩ በፊት፣ በ15 ደቂቃና ሲያልቅ። እስክሪብቶው በገመድ ታስሯል፤ ካልታሰረ የሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ሰዓቱ ራሱ ጣጣ ነበረው። ሞኒተሩ 14:20 ሲል የግድግዳው ሰዓት 8:20 ይላል። አንዷ ከሞኒተሩ፣ ሌላዋ ከግድግዳው ስትጽፍ ደሙ ሳይታዘዝ የተሰጠ ይመስላል። እኛ የግድግዳውን መረጥን፤ "ቀን" ወይም "ሌሊት" ብለን እንጨምርበታለን። የትኛውም ይሁን፣ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት አይግባ።

ስም ስናመሳክር "አልማዝ ነሽ?" አንልም። ደም ያነሳት እናት ለምንም ነገር ራሷን ትነቀንቃለች። "ስምሽ ማነው? የአባትሽስ?" እንላለን። የስምና የአባት ስም መመሳሰል እኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ የካርድ ቁጥሩን ፕላስተር ላይ ጽፈን እጇ ላይ እናስራለን። ራሷን ከሳተች የምንተማመነው በእሱ ነው።

ክሮስማች (የከረጢቱ ደም ከእናቷ ደም ጋር መስማማቱን የሚያይ ምርመራ) ሳይደረግ፣ በጥድፊያ ለማንኛውም ሰው የሚሰጠው ኦ ኔጌቲቭ ደም ከተሰጠ ደግሞ ማን እንዳዘዘና በስንት ሰዓት እንደሆነ ወዲያው ይጻፋል። ሐኪሙ ሲረጋጋ ይፈርምበታል። የክሮስማች ናሙናው ግን ከመጀመሪያው ከረጢት በፊት ይቀዳል።

በጣም የረዳኝ ቅጹ ላይ ሚሶፕሮስቶል (ይህም ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት ነው) የተሰጠበትን ሰዓት መጨመሬ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል። የደም ሪአክሽንም፣ ማለትም ሰውነት የተሰጠውን ደም ሲቃወም፣ እንደዚያው። አንዲት እናት ደም እየወሰደች ስትንቀጠቀጥ "የሚሶፕሮስቶል ነው" የሚል ድምፅ ተሰማ። ቅጹን አየን። ሙቀቷ ደሙ ሲጀመር 36.8 ነበር፤ አሁን 38.1። ሚሶፕሮስቶሉ ከተሰጠ ብዙም አልቆየም፤ ስለዚህ ሊሆን ይችላል። ግን ተጠራጥሮ መቀጠል አይቻልም። ደሙን አቆምን፣ ቱቦውን ቀይረን ኖርማል ሳላይን (የጨው ፈሳሽ) ሰቀልን፣ ከረጢቱን ከአዲስ ናሙና ጋር ወደ ደም ባንክ ላክን። ምርመራው ደሙ እንደሚስማማት አሳየ። ሐኪሙም የሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን አይቶ ሌላ ከረጢት አዘዘ።

ባዶ ከረጢቶችን ወዲያው አንጥልም። ቅጹ ላይ ካሉት መስመሮች ጋር ከተቆጠሩ በኋላ ነው የሚወገዱት። ሌሊት ሰው ሲሳሳ ሁለተኛ አመሳካሪ የላብራቶሪ ባለሙያው ይሆናል፤ ደሙን ይዞ ሲመጣ አልጋዋ ድረስ እናስገባዋለን። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርም ነበር። አሁን ራሱ "ካርድ ቁጥሯን አንብቡልኝ" ይላል።