ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላይ ጥናት ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ይሄን የምጽፈው ለማስተርስም ለፒኤችዲም ብላችሁ ከትምህርት ቤት ውጪ ያሉ ወጣቶች ላይ ለመሥራት ላሰባችሁ ነው። እኔ ስጀምር አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ እንዲህ እንዲህ ይገጥምሻል ቢለኝ ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ባልተቃጠልኩ ነበር፣ ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

የመጣሁበት መንገድ የብዙዎቻችሁ ነው፣ ጤና መኮንን ሆኜ ጤና ጣቢያ ሠራሁ፣ የሰው ጥናት ላይ ዳታ ሰበሰብኩ፣ ማስተርስ ተማርኩ፣ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ፣ ከዛ የራሴን ጥናት ያዝኩ። ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ)፣ ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ የቀን ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች ላይ፣ የአዲስ አበባ ዳር ላይ ባሉት ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ።

ለምን እዛ? ምክንያቱም የኛ በሽታ የመከላከል ሥራ በአብዛኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። የማህፀን በር ካንሰር ክትባት በ2011 ዓ.ም ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር፣ ዋናው ማዳረሻውም ትምህርት ቤት። ያቺ ደላላ ከገጠር አምጥቶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ልጅ እንድትይዝ ያስገባት የ14 ዓመት ልጅ የት ሆና ትከተብ? የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ለህፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም ነው፣ ከዛ በፊት የተወለዱት አብዛኞቹ አላገኙትም። ኤችአይቪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አገር አቀፉ ስርጭት 0.9 በመቶ ሲሆን አዲስ አበባ 3.4 በመቶ ነበር። ልጆቹ ስርጭቱ ዝቅ ካለበት ገጠር ወደ 3.4ቱ ነው የሚመጡት፣ ያለ ወላጅ፣ ያለ ትምህርት ቤት፣ ብዙዎቹም ያለ መታወቂያ።

እና ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ ኢቲካል ክሊራንስ፣ ማለትም ጥናት ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚሰጠው ፈቃድ። የኮሚቴውን ስም አልጠቅስም። ፕሮፖዛሉ ገባ፣ ሳምፕሊንጉን (የናሙና አመራረጡን) ማንም አልነካውም፣ በጀቱንም። የመጣው አስተያየት አንድ ነው፦ ከ15 እስከ 17 ያሉት የወላጅ ፈቃድ የታለ? እኔ ደግሞ እዛው ፕሮፖዛሉ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ልጆቹ ወላጅ አጠገባቸው የለም፣ ስለዚህ የወላጅ ፈቃድ ይነሳልኝ ብዬ ከነምክንያቱ። የ1999ኙ የኤችአይቪ ምክርና ምርመራ መመሪያ 15 ዓመት የሞላው ሰው ራሱ ፈቅዶ ይመረመራል ይላል፣ ከ13 እስከ 15 ያሉትንም ቢሆን ያገባች፣ ያረገዘች፣ ጎዳና ላይ ያለ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ከሆነ ራሱ ይወስናል ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 በ15 ዓመት መቀጠር ይፈቅዳል። ሲአዮምስ (CIOMS) የሚባለው የዓለም አቀፍ የሕክምና ሳይንስ ድርጅቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያም የወላጅ ፈቃድ ሊነሳ የሚችልበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። ያቺው ልጅ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዳ በራሷ ፈቃድ ትመረመራለች፣ በኔ ፎርም ላይ ግን ለተመሳሳዩ ምርመራ አባቷ ከገጠር መጥቶ ይፈርም ማለት ነው።

የተሰጠኝ መልስ «ምርመራ ሌላ፣ ሪሰርች ሌላ» የሚል ነበር። ልዩነቱ አይገባኝም አላልኩም፣ ምርመራው ለሷ ጥቅም ነው፣ ጥናቱ ደግሞ ለሌላ ሰው እውቀት ነው፣ ስለዚህ ጠበቅ ያለ ጥበቃ ይፈልጋል። ግን ጥበቃ ማለት ማስቀረት ነው እንዴ?

ከዛ ደሜን ያፈላው ሐሳብ መጣ። አንዱ አባል፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ «እህቴ፣ ቀላል ነገር ነው፣ አሠሪዋ እንደ አሳዳጊ ሆና ትፈርማለች» አሉኝ። መጠይቄ ላይ ደሞዝሽ ተከልክሎ ያውቃል ወይ፣ እቤት ውስጥ የነካሽ ሰው አለ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ያንን እንድትመልስ ፈቃድ የምትሰጠው የቤቱ እመቤት ናት ማለት ነው! «ዶክተር፣ ይሄማ ልጅቷን ከሥራ ማስባረር ነው» አልኳቸው፣ በቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ተመራማሪዋ አማራጩን እንድታጤን» ተብሎ ወጣ።

ቀጥሎ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሰብሳቢው መስክ ናቸው፣ ኮረም አልሞላም፣ ፋይሉ ከዛኛው ቢሮ አልተመለሰም። በዛ ላይ ቦታው ድንበር ነው፣ ልጆቹ በከተማው በኩል ይሠራሉ፣ ማታ በኦሮሚያ በኩል ተከራይተው ያድራሉ፣ ስለዚህ ሌላ ጤና ቢሮ፣ ሌላ ደብዳቤ። ሊረዱኝ የፈለጉ ሁሉ «ከ18 በላይ ብቻ አድርጊውና ገላገይው» ይሉኛል። እምቢ አልኩ፣ በዚህ እስከዛሬ እኮራለሁ። ስንት ጥናት «ከ18 እስከ 24» የሚል ርዕስ ይዞ እንደሚወጣ እዩ፣ ብዙ ጊዜ በሽታው በ18 ስለሚጀምር አይደለም፣ ፈቃዱ ስለሚቀል ነው።

ክረምት ገባ። ግንባታው ቀዘቀዘ፣ ልጆቹ ግማሹ ለእርሻ አገሩ ገባ፣ ማን የት እንደሚውል ያወጣነው ካርታ ሁሉ ዋጋ አጣ። በጥቅምት ከዜሮ ጀመርን፣ እሱንም የከፈልነው ከዳታ ኮሌክተር አበል ቀንሰን ነው።

የፈታው ነገር ይሄ ነው፣ እናንተ ከመጀመሪያው አስገቡት። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ከ18 በታች ለሆነ ልጅ ከጥናቱ ቡድን ውጪ የሆነ፣ ከኛ ደሞዝ የማይበላ ሰው አብሮ እንዲቀመጥ አደረግን፣ እኛ የወረዳው ሴቶችና ህፃናት ጽሕፈት ቤት ያሉ ሶሻል ወርከር አገኘን። ሁለተኛ፣ ልጁ የተነገረውን በራሱ አፍ መልሶ ካልተናገረ አይገባም አልን። ሦስተኛ፣ ፊርማ የለም፣ ስምም የለም፣ የቃል ፈቃድ ብቻ። ከዛ ፋይል መላኩን ትቼ ስብሰባው ላይ ራሴ ልቅረብ ብዬ ለመንኩ። እዛ የረዱኝ ፕሮፌሰሮቹ አይደሉም፣ የህብረተሰብ ተወካይ ሆነው የተቀመጡ አንዲት እናት ናቸው። «ለሰው ቤት ስትላክ ማን ፈረመላት? አሁን ደሟን ልናይላት ስንል ነው አባት የምንፈልግላት?» አሉ። ክፍሉ ዝም አለ፣ ክሊራንሱ በዛው ስብሰባ አለፈ።

እሑድ ከሰዓት የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች፣ ነጠላዋን ሳታወርድ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሁሉን ሰማች። መልሰሽ ንገሪን ስንላት በጣቷ እየቆጠረች «መርፌው አንዴ ነው፣ ስሜን አትጽፉም፣ ካስጠላኝ ተነስቼ እሄዳለሁ፣ እትዬ አትሰማም» አለች። ከዛ እሷ ጠየቀችን፦ «ሲስተር፣ በሽታ ቢገኝብኝ ብቻዬን ነው የምትልኩኝ?» ኮሚቴው ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። ሪፈር ወረቀት ሰጥታችሁ አትሸኙ፣ በጀታችሁ ውስጥ አብሮ የሚሄድ ሰው አስገቡ፣ ወረቀቱማ በር ላይ መታወቂያ ሲጠየቁ ኪሳቸው ውስጥ ይቀራል።

ሌላው፣ መጀመሪያ በወረዳ ግቡ፣ ደብዳቤ ያዙ ይባላል። ደብዳቤው የግድ ነው፣ መጀመሪያ መሆኑን ግን አልቀበልም። መጀመሪያ የግንባታ ሳይቱ በር ላይ ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ጋ ቁጭ በሉ፣ ማን መቼ ሥራ እንደሚፈታ፣ ማን እንደታመመ እሷ ነች የምታውቀው። ከወረዳ ሰው ጋር በመኪና ከደረሳችሁ ልጆቹ ሊያፈናቅሉን መጡ ብለው ይበተናሉ። ክፍያም «ማባበያ ይሆናል» እየተባለ ትራንስፖርት ብቻ ይፈቀዳል፣ እኔ ግን የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን በነፃ መውሰድ ነው ነውሩ እላለሁ፣ ያጣውን ያህል ክፈሉና ፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ ጻፉት።

ውጤቱን ለወረዳው አቅርበን ጤና ጣቢያው እሑድ ከሰዓት ለነዚህ ልጆች መክፈት ጀምሮ ነበር፣ ልጆቹም ይመጡ ነበር። ኃላፊው ተቀየረና አዲሱ «የትርፍ ሰዓት ክፍያ በጀት የለም» ብለው ዘጉት። አሁን ደብዳቤዬ ክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው ያለው፣ ሰኞ እሄዳለሁ።