«የሚመለከተው አካል» ማን ነው? ቃለ ጉባኤን ይፋ የማድረግ ልምዴ

የዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ፋይል ውስጥ የሚቀር ወረቀት ነበር። ስለ በጀትም ሆነ ስለ ደረጃ ዕድገት የተወሰነውን መምህሩም ተማሪውም የሚሰማው በወሬ ነው።

«ይፋ እናድርገው» ብሎ መጀመር አያዋጣም። ወዲያው «የቱን?» ይባላል፤ ከዚያ እያንዳንዷ ገጽ ታከራክራለች። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥኩት። ሁሉም ክፍት ይሁን፣ ይዘጋ የሚል ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብ አልኩ። ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1766 ባወጣችው የፕሬስ ነጻነት ሕግ የመንግሥት ሰነዶችን ለሕዝብ ከፍታለች። የብሪታኒያው እ.ኤ.አ. የ2000 የመረጃ ነጻነት ሕግ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎችንም ይመለከታል፤ በመደበኛው አሠራር ጠያቂ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። እነዚህን ይዤ ስገባ «የትም የሌለ ነገር» የሚሉት ዝም አሉ።

የተማሪዎች የዲሲፕሊን ጉዳይና የሕክምና ማስረጃ ያለ ክርክር ተዘጉ። ጨረታ ግን አፋጀን። ፖስታው እስኪከፈት ምስጢር ነው፣ እሺ። አሸናፊው ከታወቀ በኋላስ? ለዚህ በጽሑፍ የመጣ ምክንያት የለም፤ ስለዚህ ተከፈተ።

ቃለ ጉባኤው መውጣት ሲጀምር ሌላ ጉድ ታየ። ሰነዱ «ይጠና»፣ «ክትትል ይደረግበት»፣ «በሚመለከተው አካል ይታይ» በሚሉ ቃላት የተሞላ ነው። ማንም ሊያነበው ይችላል፣ ማንንም ግን መጠየቅ አይቻልም! የሚመለከተው አካል የተባለውን እስካሁን በአካል ያየው የለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውሳኔ ጎን የሥራ ክፍሉንና የመጨረሻውን ቀን መጻፍ ጀመርኩ። ቀጣዩ ስብሰባም ያንን ዝርዝር በማንበብ ይከፈታል። ሰነዱን ከመለጠፍ ይልቅ ሰዎችን ያንቀሳቀሰው ይኸ ነው። ለምሳሌ ቀደም ሲል የወጣን የኦዲት ግኝት ማን ያርማል የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው ያኔ ነው።

አሁን ክርክሩ ከስብሰባው በፊት ወደሚደረግ ጭውውት እየሸሸ ነው። አዳራሽ ሲገባ ሁሉም ይስማማል። የተቃውሞ ሐሳብ ይመዝገብ ብዬ ሳቀርብ አንድ ዲን «ሰው መናገር ይፈራል» አሉኝ። እውነት አላቸው። ለጊዜው የተናጋሪውን ስም ትተን ሐሳቡን ብቻ እየመዘገብን ነው።