አንድ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ

ምስክርነት ሲባል ሰው የሚጠብቀው ነገር አለ። ዕጢው ጠፋ፣ ሐኪሞቹ ውጤቱን አይተው አፋቸውን ያዙ፣ ሃሌ ሉያ። የእኔ እንደዚያ አይደለም። የእኔን ዕጢ ያወጡት ሐኪሞች ናቸው። የተረፈ ካለ ብለው ደግሞ ኬሞ አዘዙልኝ። እኔ የምመሰክረው ስለ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። ይቺማ ምን አላት የሚል ካለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ሲቆጥር ያደረ ሰው ይጠይቅልኝ።

2014 ዓ.ም. ላይ ነው። ግራ ጡቴ ላይ የተገኘው ነገር ካንሰር ነው ተባለ። ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ከዚያ በየ21 ቀኑ ስምንት ዙር ኬሞ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ላይ የሚገባው መድኃኒት ከርከዴ ይመስላል፤ ደማቅ ቀይ። ስሙ ዶክሶሩቢሲን ነው። ሲስተሯ «ሽንትሽ ቀይ ቢሆን እንዳትደነግጪ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው» ብላኝ ነበር። ቤት ስደርስ ረስቼው ሽንት ቤት ውስጥ ጮህኩ። ባለቤቴ በሩን ሊሰብር ምንም አልቀረውም። አሁን እንስቅበታለን።

በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሬ ትራስ ላይ ቀረ። ያን ያህል አላለቀስኩም። ያስለቀሰኝ ቡና ነው። ሽታውን ጠላሁት። እኔ፣ በቀን ሦስቴ የማፈላ ሰው፣ ጎረቤት ሲቆላ መስኮት ዘግቼ ወደ ባልዲ እሮጣለሁ። ጎረቤቶቼ ይህን ሲያውቁ ግቢ ውስጥ መቁላት ተዉ። ከሰላቸውን ይዘው ከውጭ በር ወጥተው ነበር የሚቆሉት። ጌታ ይባርካቸው።

ከአምስተኛው ዙር ጀምሮ መድኃኒቱ ተቀየረ። ታክሶል ሆነ። «ይሄኛው ብዙ አያስመልስም» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ማስመለሱ ቀነሰ። ግን አጥንቴ ውስጥ ሰው የሚወቅጥ ይመስለኝ ጀመር። ጣቶቼ ነዘሩኝ። አሸዋ የተሞላ ካልሲ ያጠለቅኩ ይመስለኛል። በዚያ ላይ ታክሶሉ አለርጂ እንዳያስነሳ አስቀድሞ የሚሰጥ ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት አለ። እሱ እንቅልፍ ይነሳል። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውነቴ ሞቷል፣ ዓይኔ ሠርግ ቤት ነው።

ስድስተኛው ዙር ላይ አቃተኝ። ሦስት ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። «በእምነት ተፈውሰሻል፣ ኬሞውን ተዪው» የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። የሰማኋቸው እምነት ኖሮኝ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ሰባተኛውን ዙር ላልወስድ ወሰንኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሐሙስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንዲህ አልኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ፈውሰኝ ማለት ደከመኝ። ዛሬ ፈውስ አልጠይቅህም። አስተኛኝ። አንድ ሌሊት ብቻ። ካልሆነ ከዚህ በኋላ የለሁበትም።» አሜን እንኳን አላልኩም።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ።

የባለቤቴ ታናሽ እህት የምትሠራው ስፓ ውስጥ ነው። ማሳጅ፣ የእግር እጥበት፣ እንደዚያ ያለ ሥራ። ከመታመሜ በፊት አንድ በዓል ላይ ዘመድ አዝማድ እኛ ቤት ተሰብስቦ ስለ ሥራዋ ታወራለች። አቋረጥኳት። «የሰው እግር ማጠብም ሥራ ሆኖ ይወራል?» አልኩ። ሳቅ ፈልጌ ነው። የሳቀ ሰው የለም። እሷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ነገ ይቅርታ እጠይቃለሁ ስል ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ሦስት ዓመት ሞላን። ይህ ሁሉ ሲሆን የመዘምራን ልብስ ለብሼ በየእሑዱ መድረክ ላይ እቆማለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። በአንድ እጇ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ፣ በሌላው ፌስታል ይዛለች። ባለቤትሽ ነው የጠራት ብትሉኝ አልከራከርም። እሱማ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠራት ነበር። ለምን በዚያች ቅዳሜ መጣች? እኔ መልሱን አውቀዋለሁ።

«እትዬ፣ እንዴት ነሽ?» አለችኝ። ሻሽ አላሰርኩም ነበር። አላፈጠጠችብኝም። ቀጥታ ወደ ኩሽና ገባች። «ውሃ አለ?» የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ጀሪካን ውስጥ የተረፈ ነበር። ፊልም ላይ ገንዳ ሙሉ አረፋ ውስጥ የሚጋደሙትን ሴቶች ሳይ ሁሌም የሚቆጨኝ ውሃው ነው። እኛ ቤት ያ ገንዳ የስንት ቀን ቀለብ ነው።

ውሃውን ከማሞቋ በፊት ቴርሞሜትር ብብቴ ሥር ከተተች። 36.8። «38 ቢሆን ኖሮ ሳፋውን ትተን ድንገተኛ ክፍል ነበር የምንሄደው» አለች። ኬሞ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል ስለሚያወርድ ትኩሳት እንደማንኛውም ጊዜ ትኩሳት አይደለም። ይህን እሷ ታውቃለች። ከየት እንዳወቀችው ገረመኝ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ስታነብ ከርማለች።

ከዚያ የባለቤቴን ስልክ ተቀብላ የኬሞ ክፍሏ ሲስተር ጋ ደወለች። ይዛ የመጣቻቸውን ሽታ ያላቸው የዕፅዋት ዘይቶች በስም እየጠራች ጠየቀቻት። ሲስተሯ አልከለከለችም፣ ዝም ብላም አልፈቀደችም። ቁስል ያለበት ቦታ አይነካ። ኦፕራሲዮን በሆነው በኩል ያለው ክንድ አይታሽ። መድኃኒቱ የገባበት ደም ሥር አካባቢ ዘይት አይቀባ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። በአፍ የሚወሰድ ነገር የለም፣ አንድ ጠብታም ቢሆን። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ በገዛ ሰውነቴ ላይ የተጠራውን ስብሰባ እሰማለሁ።

ከፌስታሉ ሦስት ትናንሽ ቡናማ ጠርሙሶች አወጣች። ሶፍት ላይ አንዳንድ ጠብታ አድርጋ ከአፍንጫዬ ራቅ አድርጋ ያዘችልኝ። የመጀመሪያው ናና ነው። ፊቴን አዞርኩ። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ። የልጅነት ጉንፋኔን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ የታጠንኩትን አስታወሰኝ። እሱም ይቅር አልኩ። ሦስተኛው ላቬንደር የሚባል የአበባ ዘይት። ምንም አላስታወሰኝም። ሆስፒታል አይሸትም፣ ቡና አይሸትም። «ይሄ» አልኳት። «ምንም የማያስታውስሽ ይሻላል» አለች። ያን ጊዜ ነው ሥራዋ ሥራ መሆኑ የገባኝ።

ዘይቱን ሳፋው ውስጥ ጠብ ጠብ ታደርገዋለች ብዬ ስጠብቅ አላደረገችውም። «ዘይትና ውሃ አይዋሐድም እትዬ። ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ቆዳሽን ይለበልብሻል።» አንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ሲኒ ውስጥ ጨምራ፣ ከላቬንደሩ ሁለት ጠብታ ብቻ አከለችበት። ሲኒውን ለብቻው አስቀመጠችው። ውሃው ውስጥ የገባው አጃ ነው። ያው የምንበላው አጃ፤ ፈጭታ በስስ ጨርቅ ቋጥራ አምጥታለች። ቋጠሮውን ውሃው ውስጥ ስትጨምቀው ወተት መሰለ። ቆዳዬ ደርቆ ያሳክከኝ ነበር። አጃው ለእሱ ነው።

በእግር ጣቴ ነካ አደረግሁት። «ቀዝቅዟል፣ ሙቅ ጨምሪበት» አልኳት። ክርኗን ከተተች፤ እናቶች ሕፃን ሊያጥቡ ሲሉ እንደሚያደርጉት። «ሙቅ ነው። እግርሽ ነው የዋሸሽ» አለች። ደነገጥኩ። መድኃኒቱ የእግሬን ነርቭ ነክቶት ሙቅና ቀዝቃዛ መለየት አቅቶኛል። ብቻዬን ብሆን የፈላ ውሃ እደፋበት ነበር።

ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ተረከዜን መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣ በሌላ እጇ ውሃውን እየዘገነች ታፈስልኛለች። አትፈትግም። አትቸኩልም። ስንት ወር ሙሉ ሰውነቴን የነካኝ ሁሉ ሊወጋኝ ነው፣ ሊለካኝ ነው፣ ስፌቴን ሊያይ ነው። ይሄ እጅ ከእኔ ምንም አይፈልግም። ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። እስከዚያ ድረስ ወደ ጆሮዬ ሰቅዬው እንደነበር አላወቅሁም።

ማርያም የጌታን እግር በናርዶስ ሽቱ ቀብታ በፀጉሯ ያበሰችበትን ታሪክ ስንት ጊዜ ዘምረነዋል። ሁልጊዜ ራሴን የማስበው በቀቢዋ ቦታ ነው። እግሩ የሚታጠብለት ሰው እኔ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ደግሞ ለማበስም ያን ቀን ፀጉር አልነበረኝም።

አንገቴን ደፍቼ «ያን ቀን የተናገርኩሽ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።

«እግርሽን አታንቀሳቅሺ፣ ውሃው ይፈሳል።»

ትንሽ ቆይቼ እንደገና ሞከርኩ። «ሰምቻለሁ እትዬ» አለች። ቀና አላለችም። ውሃው ላይ ግን የሆነ ነገር ጠብ ሲል አየሁ፤ ላቬንደር አይደለም።

ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ፣ በጣቶቼ መሐል ሳይቀር፣ እየነካካች አደረቀችኝ። የሲኒውን ዘይት ለስለስ አድርጋ ቀባችኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጋደም አልኩ። ስነቃ ወፎች ይንጫጫሉ። ሰዓቱን አየሁ፤ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት። እሷ ሶፋው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫማዋን እንዳደረገች እንቅልፍ ወስዷታል። ሐሙስ ሌሊት ያስቀረኋትን አሜን ያኔ አልኳት።

የዴክሳሜታዞኑ ኃይል አልቆ ይሆናል የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን። እኔ የለመንኩት አንድ ሌሊት ነበር፣ የተሰጠኝም አንድ ሌሊት ነው፤ እህቴ ደግሞ ምራቂ ተደረገችልኝ።

ሰባተኛውን ዙር ሄድኩ። ስለ እግሬም ለዶክተሯ ተናገርኩ። እስከዚያ ድረስ ማጉረምረም እየመሰለኝ ዝም ብዬ ነበር። ሰምታኝ መጠኑን ቀነስ አደረገችልኝ። ይህን ቀደም ብዬ ብናገር ኖሮ ያን ሁሉ ባልተሰቃየሁ። እናንተም ካላችሁበት ተናገሩ፤ መድኃኒቱን ማማት ኃጢአት አይደለም።

ሌላም ልበል። ዘይት ካንሰር ያድናል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ሽሹ። የእኔ ዘይት ማንንም አላዳነም። እንዲያውም ስምንተኛው ዙር ላይ ላቬንደሩ ራሱ አንገሸገሸኝ። ምንም ሳትል ጠርሙሱን ዘግታ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። ውሃና አጃ ብቻ ሆነ። ያኔም ተኛሁ።

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ይህንኑ ስናገር እሷ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ኦርቶዶክስ ናት፣ ለእኔ ስትል ነው የመጣችው። ሦስት ዓመት ስለተኮራረፍንበት ነገር፣ ዘመድ ፊት ስለተናገርኩት ቃል፣ ሁሉንም በጉባኤ ፊት ተናገርኩ። ስለ ሳፋው ጨርሼ ዝም ስል መጋቢያችን የፈውሱን ክፍል እስክቀጥል ማይኩን ይዘው ይጠብቃሉ። «ጨርሻለሁ» አልኩና ወረድኩ።

ጣቶቼ ማታ ማታ አሁንም ይነዝሩኛል። ሳፋው እኛ ቤት ቀርቷል። የፈረቃችን ቀን ሲደርስ፣ ገና ቧንቧው ሳይከፈት ስልኬ ይጮኻል።

«እትዬ፣ ውሃ መጣ?»