አንድ ባልዲ መጻሕፍት በፔንተኮስት ደሴት

በደቡብ ፓስፊክ በምትገኘው ቫኑዋቱ፣ በፔንተኮስት ደሴት በበጎ ፈቃደኝነት በተመደብኩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ገልጬ አየሁ። ከጥቁር ሰሌዳ የገለበጠው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር «ባቡሩ ዘግይቷል» የሚል ሲሆን፣ የእጅ ጽሑፉ ከእኔው ይልቅ ያምር ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ የጋራ መግባቢያ በሆነው በቢስላማ ስጠይቀው ግን አቀርቅሮ «ሚ ኖ ሳቬ» አለኝ፤ አላውቅም ማለቱ ነው። ቫኑዋቱ ውስጥ የባቡር ሐዲድ የለም። ልጁ አይቶት የማያውቀውን ነገር በማይገባው ቋንቋ አሳምሮ ሲጽፍ ነበር የዋለው።

ቫኑዋቱ ከ80 በላይ ደሴቶችና ከ100 በላይ አገር በቀል ቋንቋዎች ያሏት አገር ናት። እንግሊዝና ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ በጋራ ስላስተዳደሯት የሁለቱም ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ተስፋፉ፤ በሐምሌ 1980 እ.ኤ.አ. የፔንተኮስቱ ተወላጅ ካህን ዋልተር ሊኒ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ነጻነቷ ሲታወጅም ይኸው አሠራር ቀጠለ። ስለዚህ ቤታቸው ውስጥ አፕማ የሚናገሩ የአንድ መንደር ልጆች ጠዋት መንገድ ላይ ይለያያሉ፤ ገሚሶቹ በእንግሊዝኛ፣ ገሚሶቹ በፈረንሳይኛ ሊማሩ ይሄዳሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የቋንቋ ፖሊሲ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርት በአካባቢው ቋንቋ ወይም በቢስላማ እንዲሰጥ በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ በእኛ ክፍል መደርደሪያ ላይ በአፕማ የተጻፈ አንድም የንባብ መጽሐፍ አልነበረም፤ የነበሩት ከባሕር ማዶ በስጦታ የመጡ፣ ስለ በረዶና ስለ ከተማ ባቡር የሚተርኩ፣ ገጾቻቸው በእርጥበት የተጣበቁ መጻሕፍት ናቸው።

እኔም ያንኑ ስሕተት ይዤ ነበር የሄድኩት። ለሁለት ወራት ያህል ክፍሉን ተረክቤ በእንግሊዝኛ ሳስተምር፣ ሃያ ዓመት ያስተማሩት መምህርት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደብተር ያርሙ ነበር። ልጆቹ የምለውን በኅብረት ይደግሙልኛል፣ እኔም የገባቸው እየመሰለኝ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ታምሜ ስቀር እኚሁ መምህርት ትምህርቱን በአፕማ እንደገና ከመጀመሪያው እንዳስተማሩት ሰማሁ። አፍሬ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሰሌዳው የእርሳቸው ሆነ፣ ኋላ ወንበር ደግሞ የእኔ። በጎ ፈቃደኛ የመምህሩን ቦታ ሲይዝ ክፍሉን እንደሚያጎድል የተረዳሁት እዚያ ተቀምጬ ነው።

ሥራችን ከዚህ በኋላ ተቃና። አንድ አዛውንት ትምህርት ቤት መጥተው፣ አመድ መሬት ላይ በትነው፣ ጣታቸውን ሳያነሡ በአንድ መስመር የአሸዋ ሥዕል ሣሉ፤ እየሣሉም ታሪኩን በአፕማ ተረኩ። ይህ ጥበብ በዩኔስኮ የተመዘገበ የቫኑዋቱ ቅርስ ነው። (እዚያው ደሴት ሰሜን ውስጥ ከአሸዋ ሥዕል መስመሮች የተወለደ አቮዩሊ የሚባል ፊደል አለ፤ በራሱ ፊደል ማንበብ ለተማረ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።) ልጆቹ የሰሙትን መልሰው ሲናገሩ መምህርቷ በትልልቅ ፊደላት ይጽፋሉ፣ ልጆቹ ሥዕል ይጨምራሉ፣ እኔ ወረቀቱን አጥፌ ጀርባውን በመርፌና በክር እሰፋለሁ። እንግሊዝኛውን ከሥር በአጭሩ የምንጽፈው አፕማው ከተነበበ በኋላ ብቻ ነበር። ያ ስለ ባቡር የጻፈው ልጅ የመጀመሪያዋን መጽሐፍ በሌባ ጣቱ እየተከተለ ሲያነብ መሐል ላይ ቆመና ሳቀ፤ ቀልዱ ገብቶታል።

ስመለስ 31 መጻሕፍት ነበሩን። መምህርቷ ከእርጥበት ይጠብቃቸው ብለው ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ያስቀምጧቸው ነበር።

ሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ የተባለው አውሎ ነፋስ ፔንተኮስትን ሲመታ ስልክ ተቋርጦ ለሳምንታት ወሬ ጠፋ። በመጨረሻ ከመምህርቷ በቢስላማ የተጻፈ መልእክት ደረሰኝ። የክፍሉ ጣሪያ ሄዷል፣ መደርደሪያውም ከነመጻሕፍቱ ተበላሽቷል፤ ባልዲዋን ግን ነፋሱ ሳይበረታ ተሸክመዋት ወጥተው ኖሮ በውስጧ ያለው ሁሉ ደረቅ ነው። ልጆቹ ስለ ነፋሱ የነገሯቸውን 32ኛ መጽሐፍ አድርገው መጻፍ ጀምረዋል። ክር ስላለቀባቸው ክር እንድልክላቸው ጠየቁኝ።