ግንባር ላይ የተለጠፈው ብር የማን ነው?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት አዳራሾች በአንዱ የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት ተዘጋጅቷል እንበል። ለኩላሊት ታማሚ ማሳከሚያ ሊሆን ይችላል፤ ለትምህርት ቤት ጣራ ወይም ለአረጋውያን መጦሪያም ሊሆን ይችላል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ ድምፃዊቷ ከጎኑ ሆና ትቀበለዋለች። አንድ ትልቅ ሰው ከወንበራቸው ተነሥተው «ተቀበል!» ይላሉ፤ ስንኛቸውን ይሰጣሉ፤ ከዚያ ባለ 200 ብር ኖት አውጥተው ግንባሩ ላይ ይለጥፋሉ። አዳራሹ ያጨበጭባል።

ያ ብር የማን ነው? ሰውየው «ለታማሚው ሰጠሁ» ብለው ይቀመጣሉ። አዝማሪው ሽልማቱ እንደሆነ ያውቃል፤ ልጆቹን የሚያበላበት እሱ ነውና። አዘጋጁ ደግሞ ማታ ሳጥኑ ሲከፈት እንደሚያገኘው ቆጥሮታል። ከሦስቱ የዋሸ የለም፤ የተነጋገረም የለም። በማግስቱ «አዝማሪው የድሃ ገንዘብ ይዞ ሄደ» የሚለው ወሬ የሚወጣው፣ በሌላ ወገን ደግሞ «አስለፍተው ባዶ እጄን ሰደዱኝ» የሚለው ቅያሜ የሚመጣው ከዚህች ኖት ነው።

አርቲስት ለበጎ ሥራ በነጻ ይሥራ ወይስ አይሥራ የሚለው ክርክር ጎንደር ላይ መልኩ የሚለየውም በዚሁ ምክንያት ነው። የባንድ ሙዚቀኛ የሚጠብቀው አንድ ክፍያ ነው፤ ተስማምቶ ይመጣል፣ ተቀብሎ ይሄዳል። አዝማሪ ግን ጠሪው የሚከፍለውም ታዳሚው የሚሸልመውም አለው፤ ሞቅ ባለ ምሽት ሽልማቱ ከክፍያው ይበልጣል። «በነጻ ተጫወትልን» ሲባል እንግዲህ የቱን ተወው እንደተባለ አያውቅም። ክፍያውን ነው? ሽልማቱን ነው? ወይስ ሁለቱንም?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ክፍያው ይከፈለው፣ ሽልማቱ ለበጎ ሥራው ይግባ። ከክፍያውም ልስጥ ካለ ተቀብሎ፣ ቆጥሮ፣ በገዛ እጁ ይስጥ፤ እንደማንኛውም ለጋሽ ደረሰኝ ይቆረጥለት።

እንዲህ የምለው አዝማሪው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጌጥ ስላልሆነ ነው። ኪስ የሚያስፈታው እሱ ነው። መድረክ መሪው «እባካችሁ እጃችሁን ዘርጉ» እያለ ግማሽ ሰዓት ቢለምን የማያገኘውን፣ አዝማሪው አንዱን በስሙ ጠርቶ፣ አባቱን አንሥቶ፣ የሠፈሩን ሰው አስታውሶ በሁለት ስንኝ ያወጣዋል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ፦

ያለውን የሰጠ ምን ቀረው ይሉኛል፤
የሰጠ ሰው ስሙ ለልጁ ይቀራል።

በስሙ ይህ የተባለለት ሰው ቁጭ ብሎ አይቀርም። አጠገቡ ያለውም እንዲሁ፤ ጎረቤቱ ተወድሶ እሱ ዝም ሲባል ይከብደዋል። ይህ ደግሞ ችሎታ ብቻ አይደለም፣ ዝግጅትም ይፈልጋል። አዝማሪው ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ማን ሐዘን ላይ እንዳለ፣ ማን በስም መጠራት እንደማይወድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ስለዚህ አዘጋጁ ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የዋና ዋናዎቹን እንግዶች ስም፣ የአባት ስምና ሥራ ይንገረው። አሥር አሥራ አምስት ስም ይበቃል፤ አርባ ስም ከተሰጠው አንዱም አይያዝለትም።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንመለስ። ሽልማቱን ለአዝማሪው ትቶ ክፍያ አለመክፈል የተለመደ ነው፤ ለአዘጋጁም ይቀለዋል። ችግሩ ግን አዝማሪውን ከሳጥኑ ጋር ያፎካክረዋል። እንግዳው በኪሱ የያዘው ያው አንድ ገንዘብ ነው፤ ግንባር ላይ የለጠፈውን ያህል ከሳጥኑ ይጎድላል። ለሁለት መካፈልም አለ፤ እኩሌታ ወይም ሲሶ። ይህ የሚሠራው ቆጠራው በሁለቱም ወገን ፊት በዚያው ሌሊት ሲሆን ብቻ ነው፤ ለነገ ከተቀጠረ ጥርጣሬ ይገባል። ቁርጥ ክፍያ ሰጥቶ ሽልማቱን በሙሉ ለሳጥኑ ማድረግ ከሁሉም የጠራ ነው። ሒሳቡም አያስፈራም። አዝማሪውንና ድምፃዊቷን በ6,000 ብር ተስማማችሁ እንበል። ስልሳ ሰው በአማካይ 200 ብር ቢሸልም 12,000 ብር ነው። ክፍያው ተሸፍኖ የዚያኑ ያህል ይተርፋል፤ ቃል የተገባው ገንዘብ ገና አልተቆጠረም።

አፈጻጸሙ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብሩን በቀጥታ ሳጥን ውስጥ ክተቱ ማለት ምሽቱን ያቀዘቅዘዋል። ሽልማት ክብር ነው፤ ሰው የሚሰጠው ሲታይ ነው። ስለዚህ ልጠፋው እንዳለ ይሁን። አንድ ሰው ሰፌድ ወይም ሞሰብ ይዞ አዝማሪውን በአንድ እርምጃ ርቀት ይከተለው፤ ኖቱ ግንባር ላይ ጥቂት ከቆየ በኋላ አንሥቶ በሁሉም ፊት ይክተተው። ሰፌድ ያዡ ከአዘጋጁም ከአዝማሪውም ዘመድ ያልሆነ ቢሆን ይመረጣል። ድምፃዊቷም ለብቻዋ ስለምትሸለም ለእሷም ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። መድረክ መሪውም ገና ጨዋታው ሳይጀመር «ዛሬ የምትሸልሙት በሙሉ ለእገሌ ማሳከሚያ ነው፤ የአዝማሪዎቻችን ድካም ለብቻው ታስቧል» ብሎ በማይክ ይናገር። ዘግይተው ለሚገቡት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይድገመው።

በቴሌብር የሚሸልም ሰውም በዝቷል። አዝማሪው በልማድ የራሱን ስልክ ቁጥር ሊጠራ ይችላል፤ ተንኮል የለበትም፣ አፉ የለመደው እሱን ነው። የበጎ አድራጎቱ ቁጥር በትልቁ ተጽፎ ከኋላው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ለአዝማሪውም በወረቀት ይሰጠው። ጎበዝ አዝማሪ ቁጥሩን በዜማ ያስገባዋል፤ ሰውም ሳያውቀው ይይዘዋል።

«እኔ ግን በነጻ ነው የምጫወተው» ብሎ የሚመጣም አለ፣ እግዜር ይስጠው። ያኔም ቢሆን ወጪ አለ። ከአዘዞ ወይም ከቡርቧክስ የሚመጣ ሰው መምጫውን እንደምንም ያገኛል፤ ከመሸ በኋላ ግን ታክሲና ባጃጅ ስለሚሳሳ መመለሻው ኮንትራት ነው። እራት አለ። በየማታው የሚሠራበት ቤት ካለ ደግሞ በቦታው ሌላ ሰው ተክቶ፣ ለተተኪው ከኪሱ ከፍሎ ነው የሚመጣው። «ምንም አላስወጣነውም» የሚሉ አዘጋጆች ይህን አያዩትም። ማንም ለበጎ ሥራ መጥቶ ከኪሱ ከፍሎ መሄድ የለበትም።

ሌላው ትልቅ ስሕተት፣ የቡድን መሪ በሌላው ሰው ድካም ለጋስ መሆኑ ነው። ስድስት ሰው ያለው ባንድ ወይም ስምንት ሰው ያለው የባህል ውዝዋዜ ቡድን መሪ «በነጻ እንመጣለን» ሲል የሰጠው የራሱን ድርሻ ብቻ አይደለም። ከበሮ መቺውም፣ እስክስታ የምትወርደው ልጅም የቤት ኪራይ አለባቸው። መሪው የራሱን ድርሻ ይስጥ፤ የሌሎቹን ግን እነሱ ራሳቸው ተጠይቀው ይወስኑ። ጥያቄውም በመሪው ፊት አይሁን፤ በመሪ ፊት እምቢ የሚል የለም።

ከአዲስ አበባ «በነጻ» ስለሚመጣ ዝነኛ ድምፃዊም አንድ ነገር ልበል። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። ከአምስት ሰው ጋር ቢመጣ ስድስት የደርሶ መልስ ትኬት፣ ቢያንስ ሦስት ክፍል ለሁለት ሌሊት፣ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልስ መኪና፣ እሱ የሚፈልገው ዓይነት ሳውንድ ሲስተም አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአገሬው አዝማሪ ሙሉ ክፍያ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ትኬት የሚያሸጥ ስም ከሆነና ቦታው አጼ ፋሲለደስ ስታዲየም ከሆነ ያዋጣል። መቶ ሃምሳ ሰው ለሚይዝ አዳራሽ ግን አያዋጣም። እሱን በአበባ ተቀብሎ የመክፈቻውን ሰዓት ለሞላው ለጎንደሩ አዝማሪ «ለአንተ ማስታወቂያ ይሆንሃል» ማለትማ ፈጽሞ ልክ አይደለም። አዝማሪው እዚህ አገር ማንም ያውቀዋል። በነጻ የተጫወተበትን አዳራሽ አይቶ የሚጠራው ሰውም የሚጠራው ለሌላ ነጻ ነው።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ዝነኞቹ ዘፋኞች ክፍያ ሳይቀበሉ ነው የተጫወቱት። ይህን እየጠቀሱ የእኛን ሰው የሚያሳፍሩ አሉ። የዚያ ቀን ዘፋኝ ግን መድረኩ በዓለም ዙሪያ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር፤ አልበሙም በየሱቁ ነበረ። የአዝማሪ ሸቀጥ ያው የዛሬው ምሽት ነው። ምሽቱን ሰጠ ማለት ሱቁን ከነዕቃው ሰጠ ማለት ነው።

በነጻ መጫወት ተገቢ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የሠፈር ሰው ቤቱ ሲቃጠል፣ የዕድር አባል ልጅ ሲታመም፣ ድንኳኑ የዕድር፣ ወንበሩ የዕድር፣ ጠላው ከየቤቱ ሲዋጣ፣ አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ ይመጣል። ነገ እሱ ሲቸገር እነዚያው ሰዎች ይመጡለታል። መለኪያው ቀላል ነው፤ በዚያ ምሽት የሚከፈለው ማን ነው ብሎ መጠየቅ። ሆቴሉ አዳራሹን በሙሉ ዋጋ አከራይቶ፣ ሳውንድ አከራዩ ቀብዱን አስቀድሞ ወስዶ፣ ባነር አታሚው ተከፍሎት፣ መድረክ መሪው ፖስታ ተሰጥቶት፣ «በጎ አድራጎት ነው» የተባለው አዝማሪው ብቻ ከሆነ፣ እሱ እየሰጠ ያለው ለታማሚው አይደለም፤ የሌሎቹን ሒሳብ እየዘጋላቸው ነው።

ቀንና ሰዓት መምረጥ ብቻውን ብዙ ያቃልላል። በጥር፣ በተለይ በጥምቀት ሰሞን፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሠርግ ሳምንታት አዝማሪን በነጻ መጥራት የዓመት ስንቁን መጠየቅ ነው። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ደግሞ ዘፈኑ ራሱ አይሆንም፤ ያኔ በበገናና በመዝሙር ይዘጋጃል፣ እሱም የራሱ ሥርዓት አለው። የጥቅምት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጥሩ ነው። ዝግጅቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ተጀምሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለቀ አዝማሪው ወደሚሠራበት ቤት ሳይረፍድበት ይደርሳል። የተጠየቀው ሦስት ሰዓት እንጂ ሙሉ ሌሊት ስላልሆነ በነጻ ወይም በግማሽ ዋጋ ለመምጣትም አይከብደውም።

ደጅ ላይ፣ ለምሳሌ ፋሲል መዋኛ አካባቢ፣ ከታሰበ የማሲንቆውን ቆዳ አስቡት። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጀምበር ስትጠልቅ ቅዝቃዜና እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፣ ድምፁም ይደፈናል። ከበሮውም እንደዚያው ነው። ከመጫወታቸው በፊት ከከሰል ትንሽ ራቅ አድርገው የሚያሞቁበት 20 ደቂቃ ስጧቸው። ማይኩን ከቆዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ፣ ሞኒተሩን (ራሱን የሚሰማበትን ድምፅ ማጉያ) ወደ ማሲንቆው ሳይሆን ወደ ጆሮው አዙሩለት፤ አለበለዚያ ይጮኻል፣ የስንኙም ቃል አይሰማም። ቃሉ ካልተሰማ ሽልማት የለም።

ጥያቄው ራሱ በስልክ ሲቀርብ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ለአንዲት እናት ማሳከሚያ ጥቅምት 20 ዝግጅት አለን። ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ቢጫወቱልን ብለን ነው። ለእርስዎና ለድምፃዊቷ ይህን ያህል ይዘናል፤ መመለሻው ከእኛ ነው። ሽልማቱን ለታማሚዋ ለማድረግ አስበናል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» ገንዘቡ መጀመሪያ ይነሣ። «እስቲ ይምጡና እንነጋገራለን» ማለት ሽማግሌ ሰው በይሉኝታ ማሰር ነው።

ከተስማማችሁ በኋላ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስንት ጊዜ እንደሚጫወት፣ ክፍያውና ግማሽ ቀብዱ፣ ሽልማቱ፣ መመለሻው፣ ዝግጅቱ ቢሰረዝ ቀብዱ እንደማይመለስ ይጻፍበት። ቀረጻውም ይካተት። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ፣ ማለትም እንደ አዝማሪው ተጫውቶ የሚያቀርብ ሰው፣ ክዋኔው ሲቀረጽና ሲሰራጭ መብት አለው። በነጻ ተጫወተ ማለት ዩቲዩብ ላይ ጫኑት ማለት አይደለም፤ ለብቻው ይጠየቅ። «ድርጅታችን ለአርቲስት መክፈል ሕጉ አይፈቅድለትም» ብሎ የሚመልስ አዘጋጅም ያጋጥማል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚለው የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። አዝማሪ አይከፈለው አይልም።

የመጨረሻው ሪፖርቱ ነው። አዝማሪው ከክፍያው የተወው ካለ «አዝማሪ፦ ወጪ የለም» ተብሎ አይጻፍ። ይህን ያህል ብር የሚያወጣ ሥራ ሰጠ ተብሎ በለጋሾች ዝርዝር ይግባ። የነጋዴዎቹ ስም በሚነበብበት ማይክ፣ በዚያው ምሽት፣ ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሳይወጣ፣ የእሱም የድምፃዊቷም ስም ከነአባታቸው ይነበብ።