ሳሶ፣ ቦቫንስ፣ ኮክክና የሀበሻ ዶሮን በአንድ ጓሮ ማኖር

ዶሮ ሊገዛ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው በዓመት ስንት እንቁላል ትጥላለች ብሎ ነው። በዚህ ስሌት ለእንቁላል የተዳቀለችው ቦቫንስ ብራውን ሁሉንም ትረታለች፤ በጥሩ አያያዝ ወደ 300 ትጠጋለች፣ ልቅ የምትውለው የሀበሻ ዶሮ ደግሞ ከ40 እስከ 60 ጥላ ታቆማለች። ዝርያ ቀላቅሎ ለሚያረባ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ጠባይ ይቀድማል። ከመመገቢያው የምትባረር ቦቫንስ 300 ልትጥል አትችልም። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ዶሮዎችን 5 ካሬ ሜትር ቤትና አነስተኛ ግቢ ሰጥቼ ነው የማኖረው። ዝግጅቱን ሁሉ የወሰነው የየዝርያው ጠባይ ነው።

ቦቫንስ ሰው አትፈራም፣ ከእግር ሥር አትጠፋም፣ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች እንጂ ማቀፍ አታስብም። ሲጠባት ወይም መኖው ፕሮቲን ሲያንሰው የጎረቤቷን ላባ መንቀል ትጀምራለች። ለሥጋም ለእንቁላልም የምትረባው ሳሶ ገራምና በላተኛ ናት፤ ካልተመጠነላት ስብ ታበዛለች፣ እንቁላሏም ይቀንሳል። ኮክክ መነሻዋ ደቡብ አፍሪካ፣ ፖቸፍስትሩም ሲሆን ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ናት። መሬት ጭራ መብላት ስለምታውቅ ግቢ ላለው ሰው የምትመች ይህች ናት። ፋዩሚን አላስገባም። ከግብፅ የመጣች ጠንካራ ዶሮ ብትሆንም መታጠር አትወድም፤ አጥር ዘልላ ጎረቤት ዘንድ ትውላለች።

የሀበሻዋ ክብደቷ የሳሶን ግማሽ ባይሞላም መንጋውን የምትገዛው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። ንቁና ፈጣን ስለሆነች ቀድማ ትነቁራለች፤ የተነቆረችው ሳሶ ደግሞ መልስ ሳትሰጥ ትሸሻለች። ስለዚህ ማዕረግ በኪሎ የሚገኝ አይደለም። ጭልፊት ሲያንዣብብም መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት፤ ቦቫንስና ሳሶ የእሷን ጩኸት ሰምተው ነው ከቁጥቋጦ ሥር የሚገቡት። ለዚህ ብቻ እንኳ ሁለት የሀበሻ ዶሮ በመንጋው ውስጥ ቢኖር አይከፋም።

መመገቢያ ከአንድ በላይ መሆን አለበት፤ አቀማመጡም ወሳኝ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግ አንድ ብቻ እንደማስቀመጥ ነው፣ የበላይዋ ዶሮ ሁለቱንም ትጠብቃለች። እኔ አንዱን ከበሩ ግራ፣ ሌላውን ከቤቱ ጀርባ ስላኖርኩት ከአንደኛው ሆና ሌላውን ማየት አትችልም። ረጅም ገንዳ ከሆነ ለአንድ ዶሮ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ስለምትበላ ለሃያ ዶሮ 2.4 ኪሎ ይበቃል፣ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ መኖ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ይህን ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ከሰዓት በኋላ እሰጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ሞልቶ መተው ለቦቫንስ ጉዳት የለውም፣ ሳሶን ግን ያወፍራል። ውሃ የመኖውን እጥፍ ይጠጣሉ፤ ግማሽ ቀን ውሃ ማጣት እንቁላል ለመቀነስ በቂ ነው።

ቆጥ ላይም ቦታ በማዕረግ ነው የሚያዘው። ሁሉም ከፍ ያለውን ስለሚፈልጉ ቆጦቹን በእኩል ከፍታ ካደረጓቸው የምሽቱ ጠብ ይቀንሳል። ለአንድ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ይያዝ። ቁመቱን በሳሶ ልክ ነው የሠራሁት፣ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር። ከባድ ዶሮ በየቀኑ ከከፍታ ስትዘል መርገጫዋ ይቆስልና ያብጣል። እንጨቱ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ጠርዙ የተላገ ቢሆን ጣቶቻቸውን በላባቸው ሸፍነው ያድራሉ፤ በአዲስ አበባ ብርድ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። የአየር መውጫው ከጭንቅላታቸው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ይሁን። ነፋሱ በቆጡ ልክ ከገባ ይጎዳቸዋል፤ ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ ደግሞ የጉዝጓዙ ሽታ ዓይናቸውን ያቃጥላል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ጠዋት ዶሮዎቹ ሳይወጡ ገብቶ ቁጢጥ ማለት። የሰው ዓይን ካቃጠለ ጉዝጓዙ መገልበጥ ወይም መቀየር አለበት።

አዲስ ዶሮ ማስገባት ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከገበያ የመጣች ዶሮ መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ለብቻዋ፣ የራሷ መጠጫና መመገቢያ ኖሯት ትቆያለች። ፈንግል የሚባለውን ገዳይ የዶሮ በሽታ በሰውነቷ ይዛ ምንም ሳይታይባት ሁለት ሳምንት ያህል ልትቆይ ትችላለችና። በተለይ ከበዓል ገበያ የመጣች ከሆነ፣ ከብዙ መንደር ከተሰበሰቡ ዶሮዎች ጋር ውላ ስለሆነ የመጣችው፣ ከቀኑ ላይ መቀነስ አያዋጣም። ከዚያ በኋላ ሽቦ መሃል አድርጌ ለአንድ ሳምንት ጎን ለጎን አቆያቸዋለሁ፤ ይተያያሉ፣ በሽቦው በኩል ይጠቃቃሉ፣ መድማት ግን አይኖርም። አንዲት ዶሮ ብቻዋን አትገባም፤ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ሲገቡ ንቁሪያው ይከፋፈላል። ማታ በጨለማ ቆጥ ላይ አስቀምጦ ጠዋት አንድ ሆነው ይነሳሉ የሚባለውን ብዙ ሰው ያምንበታል። ሲነጋ ግን እንግዳዋን ይለዩዋታል፤ ዶሮ የመንጋዋን መልክ ለይታ ታውቃለች። በሽቦው ሳምንት ላይ ሲጨመር ብቻ ነው የሚረዳው።

ከገቡ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን መነቋቆር የተለመደ ነው። የሚነቆረው ራስ ከሆነ የማዕረግ ጉዳይ ስለሆነ አልነካቸውም። ጭራ ሥር ወይም ጀርባ ላይ ላባ እየተነቀለ ከሆነ ግን ያ ሌላ ችግር ነው፤ ጥበት፣ የበዛ ብርሃን፣ ወይም በፉርሽካ የተሞላ መኖ። ፉርሽካ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው መኖውን ያበዛበታል፣ የዶሮዋን ሆድ ሞልቶ ፕሮቲኑን ያሳንሳል። የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ ኑግ) ወይም አኩሪ አተር መጨመር፣ ጎመን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ እየዘለሉ እንዲበሉ ማድረግ ያቀዘቅዘዋል። ደም ከታየ የቆሰለችዋን በዚያው ደቂቃ መለየት ያስፈልጋል፤ ቀይ ነገር ያየ ሁሉ ይነቁራል። ቁስሉን ጂቪ የሚባለውን ወይን ጠጅ የቁስል መድኃኒት ሲቀቡት ከማድረቁም በላይ ቀይነቱን ይሸፍነዋል።

ለማስፈልፈል የሀበሻዋን የሚተካ የለም። የኮክክ እንቁላል ስለሚተልቅ ከሥሯ የምከተው 10 ብቻ ነው፤ ከራሷ እንቁላል 12 ወይም 13 ትሸፍናለች። ቦቫንስና ሳሶ ዲቃላ ስለሆኑ እንቁላላቸውን አላሳቅፍም፣ ጫጩቶቹ የእናታቸውን ምርት አይዙም። በ7ኛው ቀን ማታ በስልክ መብራት እንቁላሉን ማየት ነው፤ ሥር የመሰለ ቀይ ነገር ካልታየበት ይወጣል። በ21ኛው ቀን ይፈለፈላሉ። አቃፊዋ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ስለምትነሳ እህልና ውሃ አጠገቧ ይሁን፤ ሌሎች ዶሮዎች ጎጆዋ ውስጥ እንዳይጥሉባት ደግሞ በሽቦ ትለይ። ማቀፍ ሳይፈለግ የተቀመጠችዋን ቁልቁል ማንጠልጠል ወይም አፍንጫዋን በላባ መውጋት አያስፈልግም። ወለሉ ሽቦ በሆነ፣ ጉዝጓዝ በሌለው ቅርጫት ሦስት አራት ቀን፣ መኖና ውሃ ሳይጎድልባት ብትቆይ ሆዷ ይቀዘቅዝና ትተዋለች።

ጫጩትና የምትጥል ዶሮ አንድ ላይ ሲሆኑ መኖው ያስቸግራል። የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ያልደረሰ ቄብንና ወጣት አውራን ኩላሊታቸውን ይጎዳል። መፍትሔው ለሁሉም የቄብ መኖ ሰጥቶ፣ የተፈጨ ኖራ ድንጋይ ወይም ተጠብሶ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው ማስቀመጥ ነው፤ የምትጥለዋ ራሷ ፈልጋ ትበላለች። ቅርፊቱ የእንቁላል ቅርጽ እንዳይኖረው በደንብ መድቀቅ አለበት፣ አለበለዚያ እንቁላል መብላት ይማራሉ።

የፈንግል ክትባት በየሦስት ወሩ ይደገማል። ላሶታ የሚባለውን የፈንግል ክትባት በውሃ ስሰጥ የቧንቧው ክሎሪን ክትባቱን ስለሚገድለው ውሃውን ክዳኑን ከፍቼ አሳድራለሁ፣ በሊትር 2.5 ግራም ስብ የሌለው የዱቄት ወተት እጨምራለሁ። ዶሮዎቹን ሁለት ሰዓት ውሃ ከልክዬ ሳቀርብላቸው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱታል። እዚህም ማዕረግ ይገባል፤ መጠጫው አንድ ከሆነ የበታቾቹ ሳይከተቡ ይቀራሉ። በዚያ ቀን መጠጫ በሦስት እጥፍ ይጨመር።

አውራ ዶሮ ለስምንት ወይም ለአሥር ሴት አንድ ይበቃል። የሳሶ አውራ ቦቫንስን በተደጋጋሚ ሲሰርር የጀርባዋን ላባ ይጨርሳል፤ የሀበሻው ቀላል ነው፣ መንጋም ይጠብቃል። የወንዱና የሴቶቹ ማዕረግ ለየብቻ ስለሆነ አውራው ለበዓል ቢታረድ ሴቶቹ ብዙም አይታወኩም። የበላይዋ ሴት ከወጣች ግን ሥርዓቱ እንደገና ይደለደላል፣ ለጥቂት ቀናትም እንቁላል ሊቀንስ ይችላል። ለዶሮ ወጥ የምትወጣዋን ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ጠዋት በሩ ሲከፈት ማን ቀድማ እንደምትወጣ ነው፤ እሷን እተውና ከመሃል አንዷን እይዛለሁ።