ስምንተኛ ክፍልን በአማርኛ እያብራራሁ እንዴት ለፈተና እንዳበቃሁ

በወሎ ደጋ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ እንዲያስተምር የሚመደብ አዲስ መምህር አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገር በምደባ ደብዳቤው ላይ አይጻፍም፣ በሥልጠናም አይነገርም። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የሚወድቁት ሒሳቡን ስለማይችሉ ሳይሆን ጥያቄው ምን እንደሚል ስለማይገባቸው ነው፤ ይህን ለማቃናት የተነሣ መምህር ደግሞ ከተማሪዎቹ ይልቅ ከሚቆጣጠሩት ሰዎች ጋር ሲታገል ይከርማል። በ2010 ዓ.ም. ከደሴ በስተምዕራብ ባለ አንድ የደጋ ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርና የክፍል ኃላፊ ሆኜ ያለፍሁበትን የምጽፈው፣ ያን ጊዜ ከእኔ የቀደመ ሰው ይህንኑ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጊዜ ባልባከነ ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

በዚያ ዘመን 8ኛ ክፍል የመጀመሪያ ደረጃ ማብቂያ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው አዲስ ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ በ6ኛ ክፍል የሚያበቃ ሲሆን 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል፤ ሕዝቡ ሚኒስትሪ የሚለው የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ግን አልቀረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ የደነገገ ነው፤ በኦሮሚያና በትግራይ ተማሪዎች እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብንም ሳይንስንም በአፍ መፍቻቸው ሲማሩ፣ በእኛ በአማራ ክልል ግን እነዚህ ትምህርቶች ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሆኑ። ስድስት ዓመት ሙሉ «መደመር፣ መቀነስ፣ ማካፈል» እያለ ያደገ ልጅ በአንድ ክረምት ልዩነት ቋንቋው ሁሉ ተለውጦ ይጠብቀዋል።

የመስከረሙ ሥራ ብዙም አያስቸግርም። ስም ይመዘገባል፣ መጻሕፍት ለሁለትና ለሦስት ተማሪ አንድ እየተደረጉ ይታደላሉ፣ ዐይናቸው የሚደክመው ከፊት ይቀመጣሉ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፤ የእያንዳንዱን ተማሪ ስም እስከ አያቱ ከ7ኛ ክፍል ሮስተር ጋር አመሳክሩ። በወሎ መሐመድና ሙሐመድ፣ ሰይድና ሰዒድ እየተለዋወጡ ስለሚጻፉ የመፈተኛ ካርድ ከታተመ በኋላ ማስተካከል ለተማሪውም ለቤተሰቡም ሥቃይ ነው።

ስለ 1 ለ 5 አደረጃጀት የምለው ከመመሪያው ጋር አይገጥምም። መመሪያው ጎበዙ ተማሪ አምስቱን እየመራ ያስጠናል ይላል። በእኔ ክፍል ግን ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፣ መዝገቡ ላይ ግን ቡድኑ «ተወያየ» ተብሎ ይፈረማል። እኔ ለመዝገቡ ሲባል ቡድኖቹን እንዳሉ ትቼ፣ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ለብቻ ሰበሰብሁ፤ ክፍልፋይ የማይገባቸው ከክፍልፋይ ጋር፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያቅታቸው ከማንበብ ጋር። የ5ኛ ክፍልን ክፍልፋይ ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ማስተማር በዕቅዱ ውስጥ ስለሌለ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ፤ ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ግን እኩልታም ምጥጥንም አይገባውምና አይስሟቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በኅዳር ከ60 የሚበልጡ ተማሪዎችን በያዘው ክፍሌ አንድ ፈተና ሰጠሁ። ሦስት ኤክስ ሲደመር 7 እኩል ይሆናል 22 የሚለውን እኩልታ አብዛኞቹ በትክክል ሠሩት። ከዚያው ወረቀት ላይ ያለውንና በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር የተጻፈውን ጥያቄ ግን የሞከሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ጥያቄው ርዝመቱ ከወርዱ በ5 ሜትር ስለሚበልጥና ዙሪያው 50 ሜትር ስለሆነ ማሳ የሚጠይቅ ነበር። በማግስቱ መጽሐፉን ዘግቼ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ አነበብሁላቸው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ከአባቱ ጋር እያረሰ የሚማር አንድ ልጅ እርሳስ እንኳ ሳያነሣ «ወርዱ 10 ነው፣ ርዝመቱ 15» አለ። ፈተናው ላይ ይህን ልጅ ዜሮ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲያ በእንግሊዝኛ ብቻ ማስተማር ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

ያደረግሁት እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ምን እንደተባለ በራሱ አማርኛ ይናገራል፤ የተሰጠውንና የተጠየቀውን ለይተን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ ከሠራን በኋላ መልሱን መልሰን በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እንጽፋለን። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ሊዘለል አይገባም፤ እርሱ ከቀረ ልጆቹ ሰኔ ላይ ከሚጠብቃቸው ወረቀት ጋር ሳይተዋወቁ ይቀራሉ። በደብተራቸው ጀርባ በፈተና የሚመላለሱ ጥቂት ቃላትን እንዲይዙ አደረግሁ፤ «አት ሊስት» ቢያንስ፣ «አት ሞስት» ቢበዛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ኖት»። ከአራት ምርጫዎች ትክክል ያልሆነውን አውጡ የሚል ጥያቄ ሲመጣ «ኖት» የምትለዋን ትንሽ ቃል ሳያይ የመጀመሪያውን ትክክለኛ መልስ አጥቁሮ የሚያልፈው ተማሪ ብዛት ልብ ይሰብራል። ቃሏን ባዩ ቁጥር እንዲያከብቧት አስለመድኋቸው።

ይህ ለወሎ ሰው አዲስ ሥርዐት አይደለም። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስሙ በገነነው በሐይቅ እስጢፋኖስ አገር፣ የመጽሐፍ የኔታ የግእዙን ንባብ አስነብበው ትርጓሜውን በአማርኛ ያወርዳሉ። ሸሁም ደረሳቸውን፣ ማለት ተማሪያቸውን፣ የዐረብኛውን ኪታብ እያስነበቡ ፍቺውን በአማርኛ ያስረዳሉ፤ በመንዙማውም ሃይማኖቱን ለሕዝቡ በገዛ አፉ ያደርሱለታል። ከተማሪዎቼ ገሚሱ ቁርአን ቤት፣ ገሚሱ ቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ነበሩና፣ በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈን በሚያውቁት መፍታት ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። የአገሩ ሊቃውንት ሁሉ የሠሩበትን መንገድ ዘመናዊው ክፍል በር ላይ ማስቀረት ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ የሚያሳምን ምክንያት የነገረኝ የለም።

በጥር መጨረሻ ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ማመሳከሪያ ቅጹን ይዞ ከኋላ ተቀመጠ። አንዲት ተማሪ ስለ ክብ ስፋት የቀረበን ጥያቄ በአማርኛ እያብራራች ነበር፤ ትክክል ነበረች፣ ክፍሉም በጥሞና ይሰማት ነበር። እርሱ ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ጽፎ ጽፎ ወጣ። በርእሰ መምህሩ ቢሮ «መምህር፣ የማስተማሪያው ቋንቋ ምንድን ነው?» አለኝ። እንግሊዝኛ እንደሆነ ነገርሁት። «ታዲያ እኔ የሰማሁት ምንድን ነው?» አለ። የኅዳሩን ወረቀቶች አውጥቼ ላሳየው ብሞክር ሰዓት የለኝም ብሎ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረስሁ ብቻ ጠየቀኝ፤ ከዕቅዱ ወደኋላ መቅረቴን ስነግረው እርሱንም ጻፈ። ከ60 ከሚበልጡት ተማሪዎች አንዱን እንኳ ምን ገባህ፣ ምን ገባሽ ብሎ አልጠየቀም። ይህ ነው እስከ አሁን የማልረሳው።

ከዚያ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። በክፍል ውስጥ ከእንግሊዝኛ በስተቀር እንዳልጠቀም የሚያዝ ነበር፤ በሥራ አፈጻጸም ምዘናዬም ነጥቤ ተቀነሰ። የነጥቡን ነገር ቻልሁት። ያልቻልሁት በየካቲት በክፍሉ ላይ የሆነውን ነው። በእንግሊዝኛ ስጠይቅ የሚነሣው እጅ በአንድ ጊዜ ቀነሰ። ሲከራከሩ የነበሩ ልጆች ከሰሌዳ መገልበጥ ብቻ ሆነ ሥራቸው። የከፋው ደግሞ ወቅቱ የበልግ እርሻ ጊዜ መሆኑ ነው። በእኛ ደጋ ገበሬው የክረምቱን ዝናብ ብቻ ጠብቆ አይኖርም፤ በጥርና በየካቲት ያርሳል፣ ይዘራል፣ የልጅም ጉልበት ይፈልጋል። ልጁ እየተማረ እንደሆነ ያየ አባት ራሱ ተጎድቶ ይልከዋል፤ ካላየ ለምን ይላክ?

ስለ ክቡ ስፋት ያብራራችው ልጅ ከቀሩት አንዷ ነበረች። አባቷን በገበያ አገኘኋቸው። ከሰላምታ በኋላ «መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ በፊት ማታ ማታ የተማረችውን ለእናቷ ስታወራ እኔም ጆሮዬን እጥል ነበር። አሁን ምን ተማርሽ ስላት ዝም ነው። ዝም ካለች ከብት ትጠብቅ ብዬ ነው» አሉኝ። በምን ምክንያት ዝም እንዳለች ነገርኋቸው። ትንሽ አሰቡና «አብሽር፣ ይህማ ወላጅ የሚለው ነገር አለው» አሉ።

እውነትም ነበረው። እርሳቸውና ሌሎች ወላጆች ጉዳዩን ለወላጅ መምህር ኅብረት አቀረቡ፤ ኅብረቱም የማጠናከሪያው ትምህርት በአማርኛ እየተብራራ እንዲሰጥ ወሰነ፣ ቃለ ጉባኤም ተያዘ፣ ርእሰ መምህሩም ማኅተም አሳረፉበት። ደብዳቤው የሚከለክለው መደበኛውን ክፍለ ጊዜ ነውና ቅዳሜንና ከፈረቃ በፊት ያለውን ሰዓት ተጠቅመን የቀደመውን ሥርዐት መለስነው። ልጅቱም ተመለሰች። እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ ቃለ ጉባኤውን በመስከረም አስይዙ፤ በዕለት ትምህርት ዕቅዳችሁም ላይ «በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማብራራት» ብላችሁ እንደ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ጽፋችሁ አስፈርሙ። ቅጽ ይዞ የሚመጣን ሰው የሚመልሰው ሌላ የተፈረመ ወረቀት ነው እንጂ የተማሪ ውጤት አይደለም።

መጽሐፉን ስለ መጨረስም ከጽሕፈት ቤቱ ጋር አልስማማም። የመጨረሻዎቹን ክፍሎች በጥድፊያ አልፌ ግንቦትን ሙሉ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በማንበብ አሳለፍሁት። ገጽ የቆጠረ መምህር ይመሰገናል፤ ልጁ ግን የሚፈተነው ያልገባውን ገጽ ነው። ለፈተናው ቀን የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ ሁለት የተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስ፣ የመልስ ወረቀቱን ማጥቆር ከወር በፊት መለማመድ፣ ከሩቅ የሚመጡትን ደግሞ በዋዜማው በፈተና ጣቢያው አቅራቢያ ዘመድ ቤት ማሳደር።

ውጤቱ ሲመጣ አብዛኞቹ ወደ 9ኛ ክፍል አለፉ፤ ማሳውን በቃሉ ያሰላው ልጅም፣ ያቺም ልጅ ከእነርሱ ጋር ናቸው። በዚህ እኮራለሁ፣ አልሸሽገውም። በወረዳው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ግን የትምህርት ቤቱ ውጤት የተሻሻለው በ1 ለ 5 አደረጃጀት መጠናከር ምክንያት ነው ተብሎ ተነበበ። እጄን አውጥቼ ቃለ ጉባኤውን ጠቅሼ ተናገርሁ፤ መድረኩ «ተይዟል» አለና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ። አሁን የ7ኛ ክፍል ሒሳብ የሚሰጣችሁ መምህራን ሥራውን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩት፤ እኔ 8ኛ ክፍል ላይ የደረስሁላቸው ልጆች አንድ ሙሉ ዓመት ሳይገባቸው ተቀምጠው የመጡ ነበሩ፣ በ7ኛ ክፍል ተስፋ ቆርጠው ወደ ዐረብ አገር መንገድ የወጡትን ደግሞ ጨርሶ አላገኘኋቸውም።